የቫዮሊኔ ድምፅ ጆሮ ይበሳል፤ የትኛው ክር ይሻለዋል?

ሬማይነር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ቫዮሊን ከጀመርኩ 4 ዓመቴ ነው። አሁን ያለኝን ከገዛሁት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እንጨቱ ደስ ይላል፣ አያያዙም ይመቸኛል፤ ድምፁ ግን አልስማማኝ አለ። የኢ ክር (ከአራቱ ቀጭኑ፣ ድምፁ ከፍ ያለው) ጆሮ ይበሳል። በተለይ ከጎኑ ካለው ኤ ክር ወደ ባዶው ኢ፣ ጣት ሳላሳርፍበት፣ ስሻገር በኖታው ፈንታ ፉጨት ይወጣል። ወፍራሙ ጂ ክር ደግሞ በተቃራኒው የታፈነ ነው፤ ደጋኑን ጫን ሳደርገው ይሻክራል እንጂ አይሰፋም። ከ3 ወር በፊት "ድምፅ የሚጨምር ነው" ተብዬ ውጥረቱ ከፍ ያለ ሰው ሠራሽ ክር አራቱንም አስገባሁ። እውነትም ጨመረ፣ ግን የጨመረው እኔ የማልወደውን ድምፅ ነው። የምፈልገው ሞቅ ያለ፣ ክብ የሆነ፣ የሰው ድምፅ የሚመስል ቃና ነው። የምጫወተው ቤት ውስጥና ከ3 ጓደኞቼ ጋር ነው፣ ትልቅ አዳራሽ መሙላት አይጠበቅብኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ? ወይስ ችግሩ ቫዮሊኑ ራሱ ነው?

ሮዚን በእጄ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለት ነገር ንገሪን። የኢ ክርሽ ወርቃማ ቀለም አለው? ሌላ ሰው ሲጫወተውስ ራቅ ብለሽ ሰምተሽዋል? አገጭሽ ስር የምትሰሚውና 4 ሜትር ላይ የሚሰማው ድምፅ አንድ አይደለም። ጆሮ ስር የሚጮህ ቫዮሊን ከሩቅ ሲሰማ ደስ የሚል ሊሆን ይችላል፤ ተጫዋቹ ብቻ ይሰቃያል።

ሬማይነር፦

አዎ፣ ወርቃማ ነው። ዛሬ ጓደኛዬን አጫውቼ ከክፍሉ ጥግ ሰማሁት። ኢው ከሩቅ ትንሽ ይሻላል። ጂ ግን ከሩቅም እንደታፈነ ነው።

የአንጀት ክር፦

የክሩ ውስጥ ምን እንደሆነ ካወቅሽ ግማሹ ምርጫ ያልቃል፣ እና ከዚያ ልጀምር። በጥንቱ መንገድ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። እኔ የምጫወተው በእሱ ነው፣ ቃናው ውስጥ ያለውን ብዛት ሌላ ክር ላይ አላገኘሁትም፤ ነገር ግን የአየሩ እርጥበት በተለወጠ ቁጥር ቅኝቱ ይሸሻል፣ ለመረጋጋትም ቀናት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ትዕግሥት ለሌለው ሰው አልመክርም። ሁለተኛው ብረት ነው፤ ቶሎ ይመልሳል፣ ቅኝት ይጠብቃል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ቀጥ ያለና ስል ነው። ሦስተኛው ሰው ሠራሽ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ ዶሚናንት የተባለው ክር በፐርሎን፣ ማለትም በናይሎን ዓይነት፣ ተሠርቶ ሲወጣ የአንጀትን ሙቀት ያለ አንጀት ጣጣ ለማግኘት ነበር የታሰበው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጫወትበት ከዚህ ወገን ነው። በውስጡ ያለውን ደግሞ በአሉሚኒየም ወይም በብር ይጠቀልሉታል፣ መጠቅለያው ሲለወጥ ቃናውም ይለወጣል። ከጂ ቀጥሎ ያለው ዲ ክር ብዙ ጊዜ በሁለቱም ይገኛል፣ የብሩ ቀጠን ይላል።

አሁን ወደ አንቺ። ትልቁ ነገር ውጥረት ነው ብዬ አምናለሁ። አራቱ ክሮች ተደምረው ከ20 ኪሎ በላይ ይስባሉ። ኢ ብቻዋን ወደ 8 ኪሎ ትጠጋለች፣ ጂ የዚያን ግማሽ ትንሽ ብታልፍ ነው። ያ ሁሉ ስበት ክሮቹን ደግፎ በሚይዘው እንጨት፣ በብሪጁ፣ በኩል የቫዮሊኑን ሆድ (የፊት ሰሌዳውን) ወደ ታች ይጫነዋል። አንዳንድ ቫዮሊን ጭነት ሲበዛበት ይነቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ መንዘር ያቅተዋል። ያንቺ ሁለተኛው ይመስለኛል። ዝቅ ያለ ውጥረት ስጪው።

ቪዮላም እጫወታለሁ፦

ውጥረት መቀነስ ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የኔ ቫዮሊን ከተፈጥሮው ወፈር ያለ፣ ደብዘዝ ያለ ድምፅ ነበረው። እኔም ሞቅ ያለ ቃና ስለምወድ ኦብሊጋቶ አደረግኩበት። ኦብሊጋቶ ግሩም ክር ነው፣ ለኔ ቫዮሊን ግን አልነበረም፤ ኖታዎቹ እርስ በርስ ተቀላቀሉ፣ ፈጣን ነገር ስጫወት ምንም አይለይም ነበር። ቪዥን ወደሚባለው ክር ስቀይር ነው እያንዳንዱ ኖታ ጎልቶ የወጣው። የሚወዱትን ቃና መግዛትና ቫዮሊኑ የጎደለውን መግዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያንቺ ደማቅ ከሆነ ለስላሳ ክር ይስማማዋል፣ እስማማለሁ። ግን ኢው እየጮኸ ጂው ከታፈነ ቫዮሊኑ ደማቅ ነው ማለት ይቻላል? እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።

ባለ ወርክሾፑ፦

ልጄ፣ ምንም ክር እንዳትገዢ፣ ቆይ። ከ20 ዓመት በላይ ቫዮሊን ጠግኛለሁ፤ "ክር ምረጥልኝ" ብሎ ከሚመጣው ሰው ብዙው ችግሩ ክር ላይ አይደለም። አንዱ ጎን የሚጮህ ሌላው ጎን የሚታፈን ቫዮሊን ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ሳውንድ ፖስቱን ነው። ሳውንድ ፖስት በኢ በኩል ካለው የብሪጅ እግር ትንሽ ወደ ኋላ፣ በሆዱና በጀርባው መካከል ያለ ማጣበቂያ የሚቆም ቀጭን እንጨት ነው። በጣም ጠብቆ ከቆመ ድምፁን ያንቀዋል። ጠንካራ ክር ስታደርጊበት ደግሞ ይብስበታል።

ራስሽ ልታዪያቸው የምትችዪያቸው አሉ። ቫዮሊኑን ከጎን ተመልከቺ፤ ብሪጁ ወደ ጣት ሰሌዳው ከዘመመ ቀጥ መደረግ አለበት። በቴልፒስ (ክሮቹ ከታች በሚታሰሩበት) በኩል ያለው የብሪጁ ፊት ከሆዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል። ከብሪጁ እስከ ቴልፒስ ያለውን የክር ርዝመት በማስመሪያ ለኪ፣ በሙሉ መጠን ቫዮሊን 55 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ ይህ የሚጫወተው ርዝመት አንድ ስድስተኛ ነው። ከዚያ የቫዮሊኑን ጠርዝ ዙሪያውን በጣትሽ አንጓ ቀስ ብለሽ አንኳኪ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ባዶ ወይም የሚንሿሿ ከሆነ ማጣበቂያው ለቋል ማለት ነው። የሳውንድ ፖስቱን ነገር ግን በፍጹም ራስሽ እንዳትነኪ። ሆዱ ላይ ባለው የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳ በኩል በሽቦ ሊያንቀሳቅሱት የሞከሩ ሰዎችን ቫዮሊን ሆዱ ተሰንጥቆ ተቀብያለሁ።

ሬማይነር፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ እርስዎ ባይነግሩኝ ዛሬ ሌላ ክር አዝዤ ነበር። አሁን አየሁት። ብሪጁ በግልጽ ወደ ጣት ሰሌዳው ዘምሟል፤ ክር የቀየርኩ ጊዜ ይመስለኛል። ከብሪጁ እስከ ቴልፒስ ያለው ደግሞ 51 ነው የመጣልኝ። ባለሙያ ዘንድ ወስጄ እነግራችኋለሁ።

ሮዚን በእጄ፦

ወስደሽው እስክትመለሺ ስለ ፉጨቱ ልንገርሽ። ኢ ክር ብዙውን ጊዜ ባዶ ብረት ነው፣ አልተጠቀለለም። ደጋኑ በደንብ ሳይነክሰው ሲቀር ወደ ጎን በመንዘር ፈንታ በራሱ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይነዝራል፣ ፉጨቱ ያ ነው። የወርቅ ቅብ ያለው ቃናው ውብ ነው፤ ከሌላው ይልቅ ያፏጫል ግን። አንዱ መፍትሔ የተጠቀለለ ኢ ነው። ካፕላን በሚባለው የክር ዓይነት ላለማፏጨት የተሠራ አለ። ዋርሻል አምበር ደግሞ እንደ ተጠቀለለ የስልክ ገመድ ዓይነት ጠመዝማዛ ክፍል ያለው ኢ ነው፣ እሱም ለዚሁ ችግር የተሠራ። ቀለል ያለ ሙከራ ከፈለግሽ ጎልድብሮካት 0.26 የሚባለውን ኢ አድርጊበት። ርካሽ ነው፣ ግን ስንት ትልልቅ ተጫዋቾች ይዘውታል! ይህ ቁጥር የክሩ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው፤ 0.25 ደግሞ ጭነቱን ትንሽ ያቀልለታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢ ክር ላይ የምትመጣዋን ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ብሪጁ ላይ ካደረግሻት ጩኸቱን ትቀንሳለች። ብሪጁ ላይ አስቀድሞ ቆዳ ከተለጠፈበት ግን ቱቦዋን አታድርጊባት፣ ሁለቱ አንድ ላይ ድምፁን ይገድሉታል።

ሬማይነር፦

ተመለስኩ። 9 ቀን ሆነኝ፣ ይቅርታ። ባለሙያው ሳውንድ ፖስቱ እንደጠበቀ ነገረኝ፤ አጥሮ በትክክል የሚገጥም አዲስ ሠራለት። ብሪጁን አቃና፣ ቴልፒሱንም አስተካከለው፣ አሁን 55 ሆኗል። ክሩ ያው የድሮው ነው። ጂ ግን ተከፈተ! ያው ክር፣ ያው ደጋን፣ ያው እጅ። ሳልጫነው ይናገራል። እቤት ገብቼ ጂ ላይ ብቻ ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ ረጃጅም ደጋን ስስብ ቆየሁ። ኢው አሁንም ስል ነው፣ ግን እንደ ድሮው አይበሳም። አሁንስ ክር ልቀይር?

የአንጀት ክር፦

እንኳን ደስ አለሽ! ቀይሪ፣ ግን አራቱንም በአንድ ቀን አይደለም። ከኢ ጀምሪ። የሚገርምሽ ኢን መቀየር የሌሎቹንም ድምፅ ይነካል፤ ከሁሉም በላይ የሚስበው እሱ ስለሆነ እሱ ሲላላ ጂና ዲም ይተነፍሳሉ። አንድ ሳምንት ስሚው። ካልበቃሽ ቫዮሊኖ ወይም ኢንፌልድ ቀዩ የሚባሉትን ክሮች ሞክሪ። ቫዮሊኖ ውጥረቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ለትንሽ ቡድን ይበቃል። ኢንፌልድ ሰማያዊውና ቀዩ ወንድማማች ናቸው፣ ሰማያዊው ብሩህ ቀዩ ሞቅ ያለ፤ አንዱን ከሌላው እየቀላቀሉ የሚያደርጉም አሉ።

በመጀመሪያው ቀን አትፍረጂ። ሰው ሠራሽ ክር 3፣ 4 ቀን ይለጠጣል፣ አዲስ ሲሆን ድምፁም ብረት ብረት ይላል። በአንድ ቀን ሰምቶ የሚጥል ሰው ጥሩ ክር ይጥላል።

ባለ ወርክሾፑ፦

ስትቀይሪ አንዱን አውጥተሽ አዲሱን አስገብተሽ ቃኝተሽ ነው ወደ ሌላው የምትሄጂው። አራቱንም በአንዴ ካላላሽ ብሪጁ ይወድቃል፣ ሳውንድ ፖስቱም አብሮ ሊወድቅ ይችላል። አዲሱን ከማስገባትሽ በፊት ክሩ የሚያልፍበትን ጎድጓዳ፣ ብሪጁ ላይም አንገቱ ጫፍ ላይም፣ በእርሳስ ቀቢው፤ ክሩ ይንሸራተታል፣ ብሪጁንም አይጎትተውም። ቃኝተሽ ስትጨርሺ ሁልጊዜ ከጎን አይተሽ ብሪጁን አረጋግጪ።

ሬማይነር፦

እሺ ጋሼ፣ አንድ በአንድ። ጎልድብሮካት 0.26 ትናንት አስገባሁ፣ ጎድጓዳዎቹን በእርሳስ ቀብቼ። ከኤ ወደ ባዶ ኢ 30 ጊዜ ያህል ተሻገርኩ፣ 2 ጊዜ ብቻ አፏጨ፣ ሁለቱም ጊዜ ደጋኑ የተንሸራተተው በእኔ ነው። ሌሎቹን ክሮች ለጊዜው አልነካቸውም። ኤው ግን መጠቅለያው ጣቴ በሚያርፍበት ቦታ መሻከር ጀምሯል፣ 3 ወሩ ነው። ይህ ጤነኛ ነው?

ቪዮላም እጫወታለሁ፦

እጅሽ ያልበዋል? የአሉሚኒየም መጠቅለያን ላብ ይበላዋል፣ በብዙ ሰው ላይ መጀመሪያ የሚያልቀው ኤ ነው። ተጫውተሽ ስትጨርሺ ክሮቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ሮዚን (ደጋኑ ላይ የሚቀባው ሙጫ) ለሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጨርቅ ያዢ። መጠቅለያው መፈታታት ከጀመረ ግን ቀይሪው። ስትቀይሪ ኤውን ብቻ ከቫዮሊኖ ውሰጂና ስሚው፣ ለዲና ለጂ ከዚያ በኋላ ትወስኛለሽ።