የታችኛው ቅልጥም ስብራት፦ በትንሽ ቀዳዳ የሚገባው ፕሌት ይሻላል ወይስ ተከፍቶ የሚሠራው?

የታናሹ_እህት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ወንድሜ በሞተር ሲሄድ ተንሸራቶ ወደቀና ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ቆዳው አልተቀደደም። ዕድሜው 34 ነው፣ ስኳር የለበትም፣ ሲጋራ ግን ያጨሳል። ራጁን ያየው የአጥንት ሐኪም «ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ አልገባም፣ ብዙ ሳንከፍት በትንንሽ ቀዳዳ ፕሌት የሚባለውን አጥንት መያዣ ብረት እናስገባለታለን፣ እብጠቱ ግን መጉደል አለበት» ብሎ በግማሽ ጄሶ ደግፎ አስተኝቶታል። ይኸው እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቶበታል፣ እኛም ልባችን ተንጠልጥሏል።

አጎቴ «ቸል ብለውት ነው፣ ወጌሻ ጋ እንውሰደው» እያለ ቤቱን እያመሰው ነው። እናቴ ደግሞ አጥንቱ ሳይታይ በቀዳዳ እንዴት ይገጠማል ብላ እንቅልፍ አጥታለች። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ፕሌት ሳይሆን መቅኒው ውስጥ የሚገባው ዘንግ ነው ጥሩ ይላል። ማንን እንስማ? የምታውቁ እባካችሁ።

አጥንት_ሬዚደንት፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። መጀመሪያ ስለ መጠበቁ ልንገርሽ፣ ቤተሰብ ሁሉ የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነውና።

እጅሽን የራስሽ ቅልጥም ላይ አድርጊና በውስጥ በኩል ወደ ታች ውረጂ። አጥንቱን በቀጥታ ነው የምትነኪው። ከላይ ስስ ቆዳ ብቻ ነው ያለው፣ ጡንቻ የሚባል ነገር የለም። ጡንቻ ደግሞ ለአጥንት ደም አምጪ ነው፣ ቁስልም ሸፋኝ ነው። ስለዚህ ያ አካባቢ ሲሰበር ከአጥንቱ እኩል የምንፈራው ለቆዳው ነው። ባበጠና ውሃ በቋጠረ ቆዳ ላይ ቢላ ካሳረፍን ቁስሉ አልዘጋ ይላል፣ ይከፈታል፣ ብረቱ ይጋለጣል፣ ኢንፌክሽን ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጣጣ ማንም ላይ አያምጣ። ሐኪሙ የሚጠብቀው ምልክት አለ፣ ቆዳው መወጠሩን ትቶ ተመልሶ መጨማደድ ሲጀምር ነው። ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። እንደ ወንድምሽ እግር ባበጠ እግር ላይ መጠበቅ ራሱ ሕክምና ነው። ወሰን ግን አለው። 3 ሳምንት እየተጠጋ ሲመጣ ስብራቱ መካከል አዲስ አጥንት መያያዝ ስለሚጀምር ሳይከፍቱ ስቦ ማስተካከል ይከብዳል። ስለዚህ «መቼ ነው?» ብሎ በየጊዜው መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው። በድሮው መንገድ ቆዳው በረጅሙ ይከፈታል፣ ስብራቱ በዓይን እየታየ ቁርጥራጩ አንድ በአንድ ይገጠማል። ለዓይን ያምራል። ችግሩ እዚያ ለመድረስ አጥንቱን የሸፈነው ስስ ልባስ መገፈፉ ነው፣ አጥንቱ ደም የሚያገኘው ደግሞ በሱ በኩል ጭምር ነው። በአዲሱ መንገድ ስብራቱ ራሱ አይከፈትም። ቁርጭምጭሚቱ ጋ ትንሽ ይቀደድና በቆዳውና በልባሱ መካከል መንገድ ይበጃል፣ ፕሌቱም በዚያ ወደ ላይ ይገፋል፣ ልክ ገመድ በሱሪ ወገብ ውስጥ እንደሚገባው። እግሩ ተስቦ ይስተካከላል፣ ከዚያ ስክሩዎቹ ከስብራቱ በላይና በታች በጣት ጫፍ በሚያክሉ ቀዳዳዎች ይገባሉ። ስክሩው ፕሌቱ ላይ ስለሚቆለፍ ፕሌቱን አጥንቱ ላይ መጫን የግድ አይደለም፣ ከስሩ ያለው ደም ስር ይተርፋል። ጠባሳው ማነሱ ትርፍ ነው እንጂ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ለእናትሽ፦ አጥንቱ ይታያል። ሲ-አርም የሚባል የራጅ ማሽን አለ፣ በየደረጃው ስክሪን ላይ እያዩ ነው የሚሠሩት። እውነቱን ለመናገር የዚህ መንገድ ደካማ ጎን ግን እዚህ ላይ ነው። በዓይን ስለማይታይ አጥንቱ ትንሽ ዞሮ ወይም ዘምሞ ሊገጥም ይችላል። ጥንቁቅ ሐኪም ከመጨረሱ በፊት ጉልበቱን ወደ ላይ አስተካክሎ የእግሩን አቅጣጫ ከጤነኛው እግር ጋር ያስተያያል። ሌላው፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት የሚያልፍ ደም ስርና የቆዳ ነርቭ አለ። ነርቩ ከተነካ በዚያ በኩል መደንዘዝ ሊቀር ይችላል።

ከለንደን_ፊዚዮ፦

ስለ ዘንጉ እኔ ልጨምር። እዚህ እንግሊዝ 28 ሆስፒታሎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። 321 ሰዎች ናቸው፣ ስብራታቸው ልክ እንደ ወንድምሽ የቅልጥም ታችኛው ክፍል ላይ ነው፣ በዕጣ ግማሾቹ ዘንግ ግማሾቹ ተቆላፊ ፕሌት ገባላቸው። በ3ኛው ወር ዘንግ የገባላቸው ትንሽ ሻል ብለው ነበር፣ በ6ኛው ወር ግን በእንቅስቃሴ አቅማቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ዘመዳችሁም ሐኪሙም አልተሳሳቱም። እኔ ብሆን ሐኪሙ በደንብ የሚሠራውን እመርጣለሁ። ስብራቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ በጣም ከቀረበ ደግሞ ዘንጉ ከታች በቂ መያዣ አያገኝም።

አጥንት_ሬዚደንት፦

ትክክል። አገራችን ላይ ዘንጉ የተለመደበት አንድ ምክንያት አለ። ሳይን የሚባል በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት ያለ ሲ-አርም ሊገባ የሚችል ዘንግ ይሰጣል፣ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ እኛም ጋ ሲሠራበት ቆይቷል። ለመሃል ቅልጥም ስብራት ብዙ እግር አድኗል። በትንሽ ቀዳዳ የሚገባው ፕሌት ግን ያለ ሲ-አርም አይሞከርም። የምትታከሙበት ቦታ ማሽኑ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሳምንት መሥራቱንም ጠይቁ።

ስለ ወጌሻው፦ አጎትሽ የሚናገረው ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ያበጠ እግር በሸምበቆ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ደሙ ይቆማል። በዚህ ምክንያት እግራቸው ጠቁሮ የሚመጡ ልጆችና ጎልማሶች አሉ፣ ያኔ ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ የማይኖርበት ጊዜ አለ። ጄሶ ውስጥ ሆኖም ቢሆን ተጠንቀቁ። ማስታገሻ ወስዶ የማይበርድ ሕመም ካለው፣ ጣቶቹን ስታንቀሳቅሱለት ከጮኸ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጥሩ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ።

ቢሾፍቱ_ልጅ፦

እኔ ይሄው ቀዶ ጥገና ተሠርቶልኛል፣ ቀኝ እግሬን። ከሁሉ የከበደኝ ክራንቹ ነበር፣ በተለይ ደረጃ ላይ። መሬት እንዳልረግጥ ከተባልኩበት ጊዜ አልፎ ራጁ ላይ አዲስ አጥንት እስኪታይ ትዕግስት ይጠይቃል። ቁርጭምጭሚቱን ማንቀሳቀስ ግን ቶሎ ነው ያስጀመሩኝ። ያኔ ያማል ብሎ የተወው ሰው በኋላ ሽንት ቤት መቀመጥ ያቅተዋል። ብረቱ በውስጥ በኩል በእጅ ይዳሰሳል። ቦት ጫማ ሳደርግ ይፈትገኛል፣ ብርድ ሲሆን ይሰማኛል። ሌላ ችግር የለብኝም፣ እሠራለሁ፣ እሄዳለሁ።

የታናሹ_እህት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጽሑፉን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ አጎቴም ቁጭ ብሎ ሰማ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ብረቱ በኋላ መውጣት አለበት? ሲጋራውስ ይህን ያህል ችግር ነው?

አጥንት_ሬዚደንት፦

ብረቱ ካልረበሸው ዕድሜ ልኩን ሊቀመጥ ይችላል። እንደ ቢሾፍቱ ልጅ ጫማ የሚፈትገው ከሆነና ማስወጣት ከፈለገ አጥንቱ በደንብ መግጠሙ በራጅ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይጠበቃል።

ሲጋራው ግን አዎ፣ ትልቅ ችግር ነው። ኒኮቲን ትንንሾቹን ደም ስሮች ያጠባል፣ ያ ቦታ ደግሞ ድሮውንም ደም ያነሰው ነው። ቁስሉም አጥንቱም ይዘገያል። ይህን ሁሉ ተጠንቅቀን ደም ስሩን ያተረፍነው አጥንቱ እንዲድን ነውና አሁኑኑ ያቁም፣ ቢያንስ አጥንቱ ገጥሟል እስኪባል። እናንተም አጠገቡ አታጭሱ። ለመርገጥም የሐኪሙን ፈቃድ ይጠብቅ። ሙሉ በሙሉ ረግጦ ለመሄድ ብዙ ሰው ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጅበታል፣ አጥንቱ የዘገየበት ከዚያም ያልፋል። ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ የመጨረሻውን ራጅ ጠይቃችሁ ያዙ፣ በሚቀጥሉት ቀጠሮዎች ማስተያያ ይሆናል።