የሽንኩርት ሥር ላይ 16 ሲጠበቅ 32 ክሮሞዞም ተቆጠረ፤ የቁጥጥር ፕሮቲኖቹ ምን ሆኑ?

ሥረ ጫፍ (አራት ኪሎ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለተማሪዎች የማይቶሲስ (የሴል ክፍፍል) ስላይድ እያዘጋጀን ነው። ከጉሊት የተገዛ ቀይ ሽንኩርት ውሃ ላይ አበቀልን፤ ሥሩ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ 0.05 ፐርሰንት ኮልቺሲን (ክፍፍልን የሚያስቆም መርዝ) ውስጥ 24 ሰዓት አቆየነው። አንዳንድ ሴል ላይ 32 ክሮሞዞም ቆጠርን። ክፍፍሉን የሚጠብቁት ፕሮቲኖች ተበላሽተው ነው ወይስ አሠራራችን?

ኪኔቶኮር
ፕሮቲኖቹ ደህና ናቸው፤ ሰዓቱ ነው የበዛው። ኮልቺሲን የክሮቹን ፕሮቲን፣ ቱቡሊንን፣ ስለሚይዘው ስፒንድል (የጎታች ክሮቹ ስብስብ) አይሠራም፤ ክሮሞዞሞቹ የሚጎትታቸው ክር ያጣሉ። ክር ያልያዘው ኪኔቶኮር (ክሮሞዞሙ በክር የሚያዝበት ቦታ) ላይ ማድ2 የተባለው ጠባቂ ፕሮቲን ይነቃና የኤፒሲን ረዳት፣ ሲዲሲ20ን፣ ጨብጦ ያስቀራል። ያለ ሲዲሲ20 ደግሞ ኤፒሲ የተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ ሴኩሪንንና ሴሉን ማይቶሲስ ውስጥ የሚያቆየውን ሳይክሊን ቢን ለመፈጨት ምልክት ሊያደርግባቸው አይችልም። ሴኩሪን እስካለ ድረስ ቆራጩ ፕሮቲን ሴፓሬዝ ታስሮ ይቆያል፤ ሁለቱን ክሮማቲድ (የአንድ ክሮሞዞም ሁለት ግልባጮች) አቅፎ የያዘው ኮሂሲንም አይቆረጥም። በሩ የሚዘጋው እንዲህ ነው፤ አንድ ያልተያዘ ኪኔቶኮር እንኳ አናፌዝን (ክሮማቲዶቹ ወደ ሁለት ወገን የሚሄዱበትን ደረጃ) ለማዘግየት ይበቃል።

ግን ለሁልጊዜ አይዘጋም። ሳይክሊን ቢ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ሲያንስ ሴሉ ሳይከፈል ከማይቶሲስ ይወጣል፣ ክሮሞዞሙ ሁሉ አንድ ኒውክሊየስ ውስጥ ይቀራል። ዲኤንኤውን እንደገና አባዝቶ ሲመለስ 32 ታያላችሁ። ለማስተማሪያ ከ3 እስከ 4 ሰዓት በቂ ነው።

ባለ ዘይት ሌንስ
ከዚያ በፊት የቆጠራችሁት ምን እንደሆነ በ100 እጥፍ ሌንስ ድጋሚ እዩት። እያንዳንዱ ባለ ሁለት ክሮማቲድና ወገቡ ላይ የተያያዘ ከሆነ እውነተኛ 32 ነው። ነጠላ ነጠላ ሆነው፣ እንደ ሁለት ሽመል ጥንድ ጥንድ ጎን ለጎን ከተኙ ግን የ16ቱ ክሮማቲዶች ተላቀው ነው፤ ሴፓሬዝ ሥራውን ጨርሷል፣ የሚጎትት ግን የለም። ተመራማሪው ሌቫን በ1938 የሽንኩርት ሥር ላይ የገለጸው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ሁለት ሴሎች ተደራርበውም 32 ይመስላሉ። ይህ የሃይድሮሊሲስ (ሴሎቹን በአሲድ የማላቀቅ) ጉድለት ነው። ሥሩን 3 እጅ አልኮል ለ1 እጅ ግላሲያል አሴቲክ አሲድ ውስጥ 24 ሰዓት አቆዩት፤ ቀጥሎ 1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ። ካነሰ ሴሎቹ አይላቀቁም፤ ከበዛ ጫፉ ይላሽቃል፣ ቀለምም አይዝም። ሙቀቱን በቴርሞሜትር እንጂ በግምት አትያዙ። ለአሴቶ-ኦርሲን ቀለም የመጨረሻውን ነጣ ያለ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቁረጡ፤ ሌላው ክፍፍል የለበትም። ከቨር ስሊፑን (ስስ መሸፈኛ መስታወቱን) ሳታንሸራትቱ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት።

ሥረ ጫፍ (አራት ኪሎ)
እግዜር ይስጥልኝ። እውነትም ጥንድ ጥንድ የተኙት ይበዛሉ። አንድ ልጨምር፦ ታጥበው ውሃ ውስጥ የተመለሱት ሥሮች አናፌዝ ላይ መሃል የቀረ ክሮሞዞም ያሳያሉ። ቁጥጥሩ ለምን አላስቆመውም?

ኪኔቶኮር
ማድ2 የሚያየው ኪኔቶኮሩ መያዙን ነው፤ ከየት ወገን እንደተያዘ አይለይም። ኮልቺሲን በአንዴ ታጥቦ ስለማይወጣ ስፒንድሉ ተንጋዶ ይሠራል፤ አንድ ኪኔቶኮር ከሁለቱም ዋልታ በመጣ ክር ይያዛል። እንዲህ ያለውን ስህተት መፍታት የሌላ ፕሮቲን፣ የኦሮራ ቢ፣ ሥራ ነው፤ ፎስፌት እየለጠፈ እስሩን ያላላል። ሳይደርስበት አናፌዝ ከጀመረ ክሮሞዞሙ መሃል ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ከዋናው ኒውክሊየስ ውጪ ትንሽ ኒውክሊየስ ይሆናል። ልጆቹ ሴሎች 15 ወይም 17 ይዘው የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ኮልቺሲን መርዝ መሆኑን አትርሱ፦ ጓንት አድርጉ፣ ጠርሙሱን ከብርሃን ሸሽጉ፣ የተረፈውን መታጠቢያ ላይ አትድፉ።