በቨርጂኒያ የአሜሪካ 250ኛ ዓመት በዓል ላይ የምግብና የቡና ድንኳን ለመያዝ ምን ያስፈልጋል?

ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ወገኖች። ጁላይ 4 ቀን 2026 (ሰኔ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.) አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችበት 250ኛ ዓመት ነው፤ ቅዳሜ ይውላል። ማኅበራችን በዓሉ ላይ ምግብና ቡና ለማቅረብ አስቧል። ፈቃዱ ከየት ይጀመራል? ዶሮ ወጥ ከየቤታችን ሠርተን ብንወስድስ? ሞንቲቼሎ በሚደረገው የዜግነት መሐላ ላይስ መመዝገብ ይቻላል?

ከፌርፋክስ

መጀመሪያ ቦታ ያዙ። ስቴቱ በዓሉን የሚያስተባብረውን ኮሚሽን ያቋቋመው በ2020 ነው፤ የድንኳን ቦታ የሚሰጠው ግን የየአካባቢው በዓል አዘጋጅ ስለሆነ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ደብዳቤ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ለካውንቲያችሁ ወይም ለከተማችሁ ኮሚቴ ጻፉ። ለጁላይ 4 ቦታ ቢሞላም ተስፋ አትቁረጡ። ቨርጂኒያ ሌሎች የምታከብራቸው ቀኖች አሏት፦ ሜይ 15 ቀን 1776 ዊልያምስበርግ የተሰበሰበው ጉባኤ በአህጉራዊ ኮንግረሱ ያሉት ተወካዮቹ ነፃነትን እንዲጠይቁ ያዘዘበት ነው፤ ጁን 12 ደግሞ ጆርጅ ሜሰን ያረቀቀው የመብቶች መግለጫ የጸደቀበት። የሜሰን ቤት ጋንስተን ሆል እዚሁ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። የነፃነት ጦርነቱ የመጨረሻ ትልቅ ድል የሆነው የዮርክታውን ድል 250ኛ ዓመትም የሚሞላው ገና በ2031 ነው።

ቦታው ከተያዘ በኋላ ለሄልዝ ዲፓርትመንት የጊዜያዊ ምግብ ቤት ፐርሚት ማመልከቻ ይገባል። ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መድረስ አለበት፤ እኔ ግን አንድ ወር በፊት አስገቡ እላለሁ። ጁላይ 3 ዓርብ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዝግ ናቸውና በመጨረሻው ሳምንት የሚስተካከል ነገር እንዳለ አታስቡ።

ወደ ወጡ ልምጣ። ቤት የተሠራ ምግብ አይፈቀድም፤ ብዙ ድንኳን ቁጥጥሩን የማያልፈው እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ ያለው ኩሽና ያስፈልጋል፤ አንድ ሬስቶራንት ኩሽናውን ቢያውሳችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ። እንጀራውንም ፈቃድ ካለው ጋጋሪ ገዝታችሁ ደረሰኙን ያዙ።

ወጥ በዋዜማው ከተሠራ ዋናው አደጋ አቀዛቀዙ ነው። ከ135 ፋራናይት ወደ 70 በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ወደ 41 በሚቀጥሉት 4 ሰዓታት ውስጥ መውረድ አለበት። ትልቅ ድስት ሙሉ ዶሮ ወጥ እንዳለ ፍሪጅ ቢገባ መሐሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ያድራል፤ ላዩ ስለሚቀዘቅዝ ደግሞ ማንም አያስተውልም። ከ2 ኢንች ባልበለጠ ጥልቀት በዝርግ ትሪዎች ገልብጡት፤ እስኪበርድ ድረስ ክዳኑን አታጥብቁ። በማግሥቱ በምድጃ ላይ በ2 ሰዓት ውስጥ እስከ 165 አሙቁት፤ ቴርሞሜትሩን ወፍራሙ ሥጋ ውስጥ፣ አጥንት ሳይነካ፣ ክተቱ። በቆርቆሮ የሚመጣው የሚነድ ጄል የሞቀውን ይጠብቃል እንጂ የቀዘቀዘውን አያሞቅም። ነፋስ ሲነካው ደግሞ መጠበቁም ያቅተዋል። ድንኳኑ ውስጥ ትኩሱ ምግብ ከ135 በላይ፣ አይብ ከ41 በታች ይሁን። ጥሬ ክትፎ አታስቡት።

ለእጅ መታጠቢያ ባለ ቧንቧ 5 ጋሎን ዕቃ ከሞቀ ውሃ ጋር አዘጋጁ። ቧንቧው ሳይጫኑት ክፍት ሆኖ የሚቆይ ዓይነት ይሁን፤ የሚጫኑት ዓይነት አንድ እጅ ስለሚይዝ ተቆጣጣሪው አይቀበለውም። ሳሙና፣ የወረቀት ፎጣና የቆሻሻ ውሃ ባልዲ ጎኑ ይቀመጡ። ለዕቃ ሦስት ሳፋ ይዘጋጅ፦ ማጠቢያ፣ ማለቅለቂያ፣ የክሎሪን መንከሪያ ከ50 እስከ 100 ፒፒኤም ከመለኪያ ወረቀቱ ጋር። እንጀራ በባዶ እጅ መቁረስም ማጠፍም አይቻልም፤ ጓንት ይደረግ።

ከውድብሪጅ

ቡናው ላይ ልጨምር። ከሰል ከድንኳን ሥር ፋየር ማርሻሉ (የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው) አይፈቅድም። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን፤ ቆላውንና ዕጣኑን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። 1500 ዋት ምድጃ ብቻውን 12.5 አምፒር ይስባል፤ በ15 አምፒር መስመር ላይ ሁለተኛ ከሰካችሁ መብራቱ ይቆረጣል፣ የወጡ ማሞቂያም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለአዘጋጁ “መብራት አለ ወይ?” ብቻ አትበሉ፤ ስንት መስመር፣ ስንት አምፒር እንደሆነ ጠይቁ። የእሳት ማጥፊያ 2ኤ-10ቢሲ ያዙ፤ ሳምቡሳ እዚያው ከጠበሳችሁ ለዘይት እሳት የሚሆነው “ኬ” የሚባለውም ይጨመራል። የድንኳኑ ጨርቅ በእሳት የማይቀጣጠል መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍ አይቀደድ፤ በየእግሩም 40 ፓውንድ ክብደት ይታሰር።

ሒሳብም አትርሱ። በሰሜን ቨርጂኒያ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው፤ ፌርፋክስ ካውንቲ ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በተዘጋጀ ምግብ ላይ 4 በመቶ ጨምሯል። ዋጋ ስትለጥፉ ይህን አስቡ።

ከአሌክሳንድሪያ

እግዜር ይስጥልን። ቀኑ የሰኔ ጾም ውስጥ ስለሚውል የጾም ብቻ ብናደርገውስ? ቁጥጥሩ ይቀላል?

ከፌርፋክስ

ጥሩ ሐሳብ ነው እህቴ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ስለሆነ የምእመናኑም ፍላጎት ወደዚያው ነው፤ የአጥንትና የእንቁላል ጣጣም ይቀራል። ሙቀቱ ላይ ግን ልዩነት የለም። የተቀቀለ ምስር፣ ክክና ጎመን እንደ ሥጋው 135 ይጠበቅባቸዋል፤ “የጾም ነው፣ አይበላሽም” የሚለው አያስኬድም። የማይሞቅ ከፈለጋችሁ ቲማቲም ፍትፍት በበረዶ ላይ ከ41 በታች ያዙ። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ስለሚደረግ ረዳቶቻችሁን አሁኑኑ ቁጠሩ።

ከሻርለትስቪል

ሞንቲቼሎ ላይ ከ1963 ጀምሮ በየጁላይ 4 የዜግነት መሐላ ይፈጸማል፤ የቶማስ ጀፈርሰን መኖሪያ ስለነበረ ነው። ሥነ ሥርዓቱ የቨርጂኒያ ምዕራባዊ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ በምሥራቃዊው ወረዳ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ራሳችሁ መርጣችሁ አትመዘገቡም፤ የምትምሉበት ቦታ ኤን-445 በሚባለው የመሐላ ጥሪ ደብዳቤ ይገለጽላችኋል። ደብዳቤው ጀርባ ላይ ከቃለ መጠይቁ ወዲህ ስለ ጉዞ፣ ስለ ክስና ስለ መታሰር ይጠየቃል፤ በዕለቱ ሞልታችሁ ከግሪን ካርዱ ጋር አምጡ። ምስክር ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ከቦታው ሳትነሱ የስማችሁን ፊደልና የልደት ቀናችሁን አንብቡ፤ በኋላ ማስተካከል ወራት ይፈጃል።

ርችት ላይም ጥንቃቄ አድርጉ። በቨርጂኒያ የሚፈነዳ ወይም ወደ ሰማይ የሚወጣ ርችት ያለ ፈቃድ መተኮስ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2500 ዶላር ቅጣት ያለው ወንጀል ነው፤ ተከሶ የሚያውቅ ሰውም በኤን-400 (የዜግነት ማመልከቻው) ላይ መግለጽ ግዴታው ነው።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛን ነው። በበዓል ቦታ ወጣቶች ወረቀት ይዘው “ይፈርሙልን” እያሉ ይዞራሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ፈተናውን አልፎ መሐላ የሚጠብቀውም ቢሆን፣ አይፈርም። “ዜጋ ነኝ” የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ዜግነት ሊያስከለክልና አገር ሊያስለቅቅ ይችላል። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶችና አባቶች ወደ በዓሉ ሲመጡ ልጆቻቸው ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።