«አቬ ቬሩም»ን ለ4 የናስ መሣሪያ ማቀናበር አቃተኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ጅማ ነው ያለሁት። ቤተ ክርስቲያናችን 2 ትራምፔት፣ 1 ትሮምቦንና 1 ቱባ አላት። ሞዛርት በ1791 እ.ኤ.አ. ለመዘምራን፣ ለቫዮሊንና መሰሎቹ የጻፈውን አጭር መዝሙር «አቬ ቬሩም ኮርፑስ»ን ላቀናብርላቸው ጀምሬ መሃል ላይ ቀረሁ። 46 ባር (የምት ክፍል) ብቻ ናት ብዬ ንቄያት ነበር!

የዋናው ቁልፍ ዲ ሜጀር ነው፤ ለቢ ፍላት ትራምፔት ግን ከሚሰማው አንድ ቶን ከፍ ተደርጎ ስለሚጻፍ ኢ ሜጀር፣ 4 ሻርፕ ይሆናል። ልጆቹ ወረቀቱን አይተው ሳቁብኝ። ወደ ኢ ፍላት ከፍ ባደርገው ለጣታቸው ይቀላል፣ ግን ሶፕራኖውን (የላይኛውን ድምፅ) የሚነፋው ልጅ ሳይጨርስ ከንፈሩ ይዝላል። ወደ ቢ ፍላት ባወርደው ደግሞ ቱባው ያጉረመርማል።

ትንፋሹ ይብሳል። የቫዮሊኖቹን መሸጋገሪያም ለእነሱ ስለሰጠሁ ማረፊያ የላቸውም። እሱን ለኪቦርድ ልተወው? ወይስ ሁለቱ ትራምፔቶች ዜማውን ይቀባበሉት? የሞከራችሁ ካላችሁ ከፋሲካ በፊት ድረሱልኝ።