የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ ለአምራቾች፦ ቅድሚያ ለሠራተኛ ሥልጠና ወይስ ለውጭ ገበያ?

ጥያቄ (ከልብስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሥራ ልብስና የደንብ ልብስ የሚሰፋ መካከለኛ ፋብሪካ በሥራ አስኪያጅነት እመራለሁ። እስከ አሁን ምርታችንን የምናቀርበው በአብዛኛው ለአገር ውስጥ ድርጅቶች ነው። በቅርቡ አንድ የውጭ ገዢ አነስተኛ የሙከራ ትእዛዝ ሰጥቶን ሠርተን ብንልክም፣ ከፊሉን ብቻ ተቀብሎ የቀረውን በጥራት ጉድለት ምክንያት ሳይቀበለን ቀርቷል። በላከልን ሪፖርት የሰፈሩት ጉድለቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በአንድ ሳይዝ ውስጥ ያሉ ሱሪዎች የወገብ ልኬት መለያየቱ፣ ሁለተኛው የግራና የቀኝ ኪስ አቀማመጥ እኩል አለመሆኑ ነው። ያም ሆኖ ችግሩ መወገዱን ካሳየነው ሌላ ትእዛዝ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን ጽፎልናል።

በዚህ መካከል አምራቾች ሠራተኞቻቸውን እንዲያሠለጥኑና የወጪ ንግዳቸውን እንዲያሰፉ የሚያግዝ የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ ማስታወቂያ ወጣ። ድጋፉ የወጪውን ግማሽ የሚሸፍን ሲሆን ቀሪውን ግማሽ ድርጅቱ ይችላል፤ ገንዘቡም የሚለቀቀው ሥራው ተሠርቶና ክፍያው ተፈጽሞ ደረሰኝና ሪፖርት ከቀረበ በኋላ ነው። የሽያጭ ክፍላችን ገንዘቡ በውጭ አገር የንግድ ትርዒት ላይ ለመሳተፍና አዳዲስ ገዢዎችን ለማግኘት እንዲውል ይፈልጋል። የምርት ክፍሉ በበኩሉ የስፌት ማሽን ኦፕሬተሮቹ ሳይሠለጥኑ ገበያ መፈለጉ ከንቱ ድካም እንደሆነ ይከራከራል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላም ጉዳይ አለ፤ በብዙ ወጪ ያሠለጠንናቸው ሠራተኞች ትንሽ ጭማሪ አግኝተው ወደ ሌላ ፋብሪካ ቢሄዱ ወጪውን በምን እንመልሰዋለን? እንዲህ ባለ ድጋፍ የተጠቀማችሁ ወይም ሥራውን ከቅርብ የምታውቁ ምክራችሁን ብትለግሱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ (ከምርትና ጥራት ባለሙያ)

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄውን «ሥልጠና ወይስ ገበያ» ብለው ባያስቀምጡት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ገዢው የላከልዎት ሪፖርት የሁለቱንም መነሻ ይዟል። ምን ዓይነት ሥልጠና እንደሚያስፈልግዎ ከማንኛውም አማካሪ በተሻለ የሚነግርዎ ምርቱን መልሶ የላከው ሰው ነው።

ስለዚህ ማመልከቻውን ከመጻፍዎ በፊት ሁለቱን ጉድለቶች እስከ ምንጫቸው ተከትለው እንዲሄዱ እመክራለሁ። የወገብ ልኬት የሚለያየው በስፌት ብቻ አይደለም። ጨርቁ ከጥቅሉ ከተፈታ በኋላ በቂ ጊዜ ሳያርፍ ከተቆረጠ፣ ኋላ ላይ ይኮማተራል፤ ብዙ ንብርብር በአንድ ጊዜ ሲቆረጥም የመቁረጫው ምላጭ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የላይኛውና የታችኛው ንብርብር ልኬት እኩል አይሆንም። በእነዚህ ሁኔታዎች መሠልጠን ያለበት ኦፕሬተሩ ሳይሆን የመቁረጫ ክፍሉ ነው። የኪሱ ጉዳይ ግን በአብዛኛው ከምልክት አደራረግ ይመጣል። አንዷ ኦፕሬተር በሳሙና በተሠመረው መስመር ላይ፣ ሌላዋ ከመስመሩ ውጭ፣ ሦስተኛዋ በዓይን ግምት ስታስቀምጥ ልዩነቱ በአንድ ሱሪ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ሱሪዎቹ ተደርድረው ሲታዩ ግን ይጋለጣል። ለዚህ ከካርቶን ወይም ከቆርቆሮ የተቆረጠ መለኪያ ቅርጽና የአንድ ቀን ተግባራዊ ልምምድ ይበቃ ይሆናል። ይህን ሳይለዩ «ለሁሉም ኦፕሬተሮች የስፌት ሥልጠና» ብለው ቢጠይቁ ገንዘቡ ወጥቶ ጉድለቱ ባለበት ይቀራል።

ሥልጠናውን ከምርት መስመር ኃላፊዎች ቢጀምሩም መልካም ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940 ፋብሪካዎቿን ለጦርነት ምርት ስታዘጋጅ ያቋቋመችው የኢንዱስትሪ ውስጥ ሥልጠና ፕሮግራም ትኩረቱ የመስመር ኃላፊዎች ላይ ነበር። የማስተማሪያ ዘዴውም አራት ደረጃ ብቻ ነበረው፤ ሠራተኛውን ማዘጋጀት፣ ሥራውን እያሳዩ ማስረዳት፣ ራሱ እንዲሠራው ማድረግና ከዚያ በኋላ መከታተል። ፕሮግራሙ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻግሮ በዚያም ሥር ሰድዷል። የውጭ አሠልጣኝ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ የመስመር ኃላፊው ግን ነገ ለሚቀጠረው ሠራተኛ ሁሉ አስተማሪ ሆኖ ይቀራል።

ሥልጠና በራሱ ውጤት አለው ወይ ለሚለው ማስረጃው መልካም ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ለአምራቾች የተሰጠ የሥልጠና ድጋፍን የመረመረ ጥናት፣ ድጋፉ የሥልጠና ሰዓትን እንደጨመረና የተበላሸ ምርትን እንደቀነሰ አሳይቷል። በህንድ ሙምባይ አካባቢ በሚገኙ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በተካሄደ ሙከራ ደግሞ ጉድለትን በየቀኑ መመዝገብን፣ ክምችትን ማደራጀትንና የማሽን ጥገናን የመሳሰሉ የአመራር ልምዶችን በነጻ አማካሪ እገዛ የተለማመዱት በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነታቸው 17 በመቶ ያህል ጨምሯል። እዚያ የተለወጠው በዋናነት የፋብሪካው አመራርና የምዝገባ ሥርዓት ነበር። ለዚህም ነው በሥልጠና በጀትዎ ውስጥ የጉድለት ምዝገባ ሥርዓት እንዲገባ አጥብቄ የምመክረው።

መልስ (የድጋፍ ማመልከቻዎችን ስገመግም የቆየሁ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ለማመልከቻውም ይጠቅማል። ገምጋሚ ከሚያነባቸው ማመልከቻዎች ብዙዎቹ «የሠራተኞቻችንን አቅም እናሳድጋለን፣ ተወዳዳሪነታችንን እናጎለብታለን» ብለው ያልፋሉ። አንድ አመልካች ግን «ከአንድ ትእዛዝ ይህን ያህል ተመላሽ ሆነብን፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሥልጠናው ይህን ያህል እንዲቀንስ እንጠብቃለን፤ ገዢው ሁለተኛ ትእዛዝ ለመስጠት ያለው ፈቃደኝነትም በዚህ ደብዳቤ ተረጋግጧል» ብሎ ሲጽፍ ገምጋሚው ገንዘቡ የት እንደሚደርስ ያያል። የገዢዎን ሪፖርትና ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ።

ገምጋሚው ሁልጊዜ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ድጋፉ ባይኖር ኖሮ ድርጅቱ ይህን ሥራ በራሱ ገንዘብ ይሠራው ነበር ወይ የሚል ነው። ይሠራው ከነበረ የድጋፉ ገንዘብ የጨመረው ነገር የለም። ስለዚህ በራስዎ አቅም ምን ያህሉን ብቻ መሥራት እንደሚችሉና ድጋፉ ምን እንደሚያስችልዎ በግልጽ ይለዩ።

የንግድ ትርዒቱን በተመለከተ ጥንቃቄ የሚሻ ልምድ አለ። ቱኒዚያ የላኪዎችን ወጪ ግማሽ የሚሸፍን ፋሜክስ የተባለ ፕሮግራም ነበራት። ተጠቃሚዎቹን ድጋፉን ካልወሰዱ ድርጅቶች ጋር ያነጻጸረው ጥናት፣ በመጀመሪያ ላይ የተጠቃሚዎቹ የወጪ ንግድ በፍጥነት እንዳደገና ወደ ተጨማሪ አገሮችና የምርት ዓይነቶች እንደሰፋ አረጋግጧል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በወጪ ንግዳቸው መጠንና እድገት ከሌሎቹ የሚለያቸው ጉልህ ነገር አልቀረም። ከዚህ ተነስቼ ድጋፉ ከንቱ ነው አልልም። የእኔ ፍርድ የተገኘ ገበያ እንዲጸና ከበስተኋላው የማያቋርጥ የማምረት ብቃት መኖር አለበት የሚል ነው። እርስዎ አንድ ገዢ በእጅዎ እያለ፣ ያንን ገዢ ሳያጸኑ አዲስ ፍለጋ መውጣትዎ ጊዜው አልደረሰም ባይ ነኝ።

ከሁሉም በላይ የገንዘብ ፍሰቱን ያስቡበት። ድጋፉ ግማሹን ይሸፍናል ቢባልም፣ ተመላሽ የሚሆነው ከወጣ በኋላ በመሆኑ ለተወሰኑ ወራት ሙሉውን ወጪ የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት። ደረሰኙ ጉድለት ካለበት፣ የዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማዎቹ በሚፈለገው ቁጥር ካልተሰበሰቡ፣ የሠልጣኞች የመገኘት ፊርማ ካልተያዘ ወይም ክፍያው ከድጋፍ ውሉ ፊርማ በፊት የተፈጸመ ከሆነ ገንዘቡ ላይመለስ ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰነዱን የሚይዝ አንድ ሰው ይመድቡ። ሠራተኛ ለሥልጠና ሲቀመጥ መስመሩ ስለሚቆም የሚቀርብዎትን ምርትም ያስሉ፤ ይህ ወጪ በብዙ ፕሮግራሞች አይሸፈንም።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም እጅግ አመሰግናለሁ። የመቁረጫ ክፍሉ ጉዳይ ትኩረቴን ስቦታል፤ የወገብ ልኬቱ ከጨርቅ ጥቅል ወደ ጥቅል የሚለያይ መሆኑን የጥራት ክፍላችን ቀድሞ ጠቁሞ ነበርና በዚያ አቅጣጫ እናጣራለን። ሁለት ነገር ልጨምር። ማመልከቻው «በድጋፉ ምክንያት የወጪ ንግዳችሁ በስንት በመቶ ያድጋል» ብሎ ይጠይቃል፤ ቁጥር መስጠቱ ኋላ ተጠያቂነት ያመጣብናል ወይ? የሠራተኞች መልቀቅ ጉዳይም አልተነሣልኝም።

መልስ (በወጪ ንግድ ሥራ ላይ ያለሁ)

ስለ ቁጥሩ ልመልስ። የሚጠበቅ ውጤት መጻፍና የገንዘቡን መለቀቅ በኤክስፖርት መጠን ላይ ማሰር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም የንግድ ድርጅት የድጎማ ስምምነት በአንቀጽ 3 በኤክስፖርት አፈጻጸም ላይ የተመሠረተን ድጎማ ይከለክላል። በአንቀጽ 27 ደግሞ በእድገት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች ከክልከላው ነጻ የሚያደርግ ልዩ አስተያየት አለ፤ ሆኖም በዚህም ጊዜ አስመጪው አገር በምርቱ ላይ የማካካሻ ቀረጥ (የድጎማውን ጥቅም የሚያጣፋ ተጨማሪ ቀረጥ) የመጣል መብቱን አያጣም። በአንጻሩ በድርጅት መጠን ወይም በሠራተኛ ብዛት በመሳሰሉ ገለልተኛ መስፈርቶች ለማንኛውም አምራች ክፍት የሆነ የሥልጠና ድጋፍ ይህን ያህል አያሰጋም። ጉዳዩ በዋናነት የድጋፍ ሰጪው ኃላፊነት ቢሆንም፣ ውሉን ሲፈርሙ ክፍያው በምን ላይ እንደተመሠረተ ያንብቡ፤ ትልቅ ገዢ ወደፊት ሊጠይቅዎ ይችላል። በማመልከቻው ላይም በእጅዎ ካለው ግንኙነት ተነስተው የሚደርሱበትን ልከኛ ቁጥር ይጻፉ።

የሥልጠናና የገበያ ክርክሩን በሚመለከት አንድ ማስረጃ ልጨምር። በግብፅ ፉዋ በተባለች ከተማ በሚገኙ አነስተኛ የምንጣፍ ሠሪዎች ላይ በተካሄደ ሙከራ፣ ለአንዳንዶቹ በዕጣ ከበለጸጉ አገሮች ገዢዎች ትእዛዝ እንዲያገኙ ዕድል ተሰጣቸው። ዕድሉን ያገኙት ትርፋቸው ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር ከ16 እስከ 26 በመቶ ጨምሯል፤ የምንጣፋቸው ጥራትም ከፍ ብሏል። ጥራቱ የተሻሻለው ከገዢው በየጊዜው በሚመጣው አስተያየትና በሥራው ላይ በተገኘው ትምህርት ጭምር ነው። በዚህ ምክንያት ከላይ ከተናገሩት ጋር በአንድ ነጥብ እለያለሁ፤ የገበያውን በጀት ሙሉ በሙሉ አይተዉት። ለንግድ ትርዒት ድንኳን የሚወጣውን ትተው፣ የገዢው የጥራት ባለሙያ ወደ ፋብሪካዎ መጥቶ ከመስመር ኃላፊዎችዎ ጋር ጥቂት ቀን እንዲሠራ፣ ናሙና በተደጋጋሚ እንዲመላለስና ጨርቁ ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ እንዲፈተሽ ይጠቀሙበት። ይህ ወጪ ለሥልጠናም ለገበያም ይሆናል።

መልስ (ከሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ)

የመልቀቅ ስጋቱ ተገቢ ነው። ጋሪ ቤከር የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዳስረዱት፣ የትም ፋብሪካ የሚያገለግል ችሎታ ሠራተኛውን ተፈላጊ ስለሚያደርገው አሠሪው ብቻውን ለመክፈል ያመነታል። በብዙ አገሮች መንግሥት ለሥልጠና ገንዘብ የሚያወጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ማሌዥያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከአሠሪዎች የደመወዝ 1 በመቶ እያሰባሰበች ላሠለጠኑት የምትመልስበት ፈንድ ዋና ዓላማው ሸክሙን ማካፈል ነበር። ለእርስዎ ደግሞ ግማሹን ድጋፉ ስለሚሸፍን ከኪስዎ የሚወጣው ቀንሷል።

ሠራተኛን በግዴታ ውል ማሰር ብዙ አያዋጣም። ከአገሪቱ የሥራ ሕግ ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ታስራ የቀረች ሠራተኛም በሙሉ ልቧ አትሠራም። ከዚያ ይልቅ ኦፕሬተሮቹን በያዙት የሥራ ዓይነት ብዛት በደረጃ ለይተው፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ የታወቀ ጭማሪ ቢወስኑና የመስመር ኃላፊነትን ከውስጥ ቢሞሉ የበለጠ ያተርፋሉ። ሠልጥና ደመወዟ ባለበት የቀረ ሰው ብትለቅ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ይህን የምለው በዚህ ሥራ ብዙ ጎበዝ ሴቶች በከንቱ ሲታጡ ስላየሁ ነው።

ጠያቂው

ምክራችሁን ለሁለቱም ክፍሎች አቅርቤ በመቁረጫ ክፍሉና በመስመር ኃላፊዎች ሥልጠና ላይ፣ እንዲሁም የገዢውን የጥራት ባለሙያ በመጋበዝ ላይ ተስማምተናል፤ የሽያጭ ክፍሉም ትርዒቱ ለሚቀጥለው ዙር እንዲቆይ ፈቅዷል። የቀረችኝ ጥያቄ አንዲት ናት። የጉድለት ምዝገባውን ውሉ እስኪፈረም ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልጀምር?

መልስ (የድጋፍ ማመልከቻዎችን ስገመግም የቆየሁ)

ነገውኑ ይጀምሩ። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሚያወጡት ወጪ አይመለስልዎትም፤ ምዝገባው ግን ከደብተርና ከአንድ ተቆጣጣሪ ያለፈ ወጪ የለውም። ሥልጠናው ከመሰጠቱ በፊት የነበረው የጉድለት መጠን በጽሑፍ ከሌለ፣ በኋላ የመጣውን ለውጥ ለድጋፍ ሰጪውም ለገዢውም የሚያሳዩበት መንገድ አይኖርዎትም። በየመስመሩና በየጨርቅ ጥቅሉ ለይተው ይመዝግቡ፤ ከቁጥሩ አጠገብም የጉድለቱ ዓይነት ይጻፍ።