የኪራይ ባለሸራ ጀልባን ብቻውን ለሚሻገር ሰው ማሰናዳት፦ ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን

ሸራው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 12 ሜትር የሆነች፣ 7 ዓመት በኪራይ የሠራች ባለሸራ ጀልባ አለች። የሜዲትራኒያን ወቅቷ በኦክቶበር ያልቃል፤ በዲሴምበር መጨረሻ ካሪቢያን ላይ ተከራይ ይጠብቃታል። ከላስ ፓልማስ እስከ ሴንት ሉሺያ ያለውን 2,700 የባሕር ማይል ገደማ ብቻዬን ነው የምወስዳት። ሁለት የመሪ ማዞሪያ መዘውር፣ ምሰሶው ውስጥ የሚጠቀለል ዋና ሸራ፣ 330 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ፣ 200 ሊትር ናፍጣ፣ በሁለት ታንከር 400 ሊትር ውኃ፣ አንድ አውቶፓይለት (ጀልባዋን በራሱ የሚመራ መሣሪያ) አላት። ሶላር የላትም። ለማሰናዳት የተሰጠኝ ጊዜ 3 ሳምንት ነው፤ ገንዘቡም የተቆጠረ ነው። ከምን ልጀምር? ምንስ ቢቀር ይሻላል?

መልህቅ12

ወንድሜ፣ ከአውቶፓይለቱ ጀምር። የኪራይ ጀልባ የምትዘጋጀው ስምንት ሰው ይዛ ቀን ሄዳ ማታ ወደብ እንድትገባ ነው። አውቶፓይለቷ የለመደው በቀን ሦስት አራት ሰዓት፣ ያውም ሞተር ተነሥቶ ባትሪው እየተሞላ ነው። አንተ 20 ቀን ሌት ተቀን ልታሠራው ነው። እሱ ከቆመ መዘውሩን የምትለቅበት ጊዜ አታገኝም፤ እንቅልፉም ምግቡም ጥገናውም አብሮ ይቆማል።

የኋላውን ሣጥን ከፍተህ መሪውን (ከኋላ ውኃ ውስጥ ያለውን ማዞሪያ ሰሌዳ) የሚገፋውን የአውቶፓይለቱን ክንድ እይ። ሌላ ሰው መዘውሩን ግራ ቀኝ ሲያዞር የክንዱን መያዣ በእጅህ ዳስስ፤ ብሎኖቹ ፋይበር ግላሱ ላይ ከላሉ ያኔ ይሰማሃል። የመሪውን አቅጣጫ የሚያነበው ሴንሰር የተያያዘው በአንዲት ቀጭን ዘንግ ነው። የዘንጓ የፕላስቲክ ጫፍ ሲወልቅ ኮምፒውተሩ መሪው የት እንዳለ ስለማያውቅ እስከ ጥግ ይጠመዝዘዋል። ትርፍ ሴንሰር፣ የክንዱ ሞተር ካርቦኖች፣ ፊውዞችና ገንዘቡ ከፈቀደ አንድ ሙሉ ትርፍ ክንድ ያዝ። የኤሌክትሮኒክ ኮምፓሱ የት እንደተሰቀለም ፈልገህ እወቅ። ብዙ ጊዜ ከአንድ አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ስንቅ ሲጫን አጠገቡ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ወይም የመፍቻ ሣጥን ይደረደርና አቅጣጫው ይዛባል።

ሌላው አውቶፓይለትን የሚጥለው የቮልቴጅ መውረድ ነው። ክንዱ ኃይለኛ ግፊት ሲፈልግ ቮልቴጁ ከ11 በታች ለአፍታ ቢወርድ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ስሌቱን አሁኑኑ ሥራው፦ አውቶፓይለት በአማካይ 4 አምፒር፣ በ24 ሰዓት 96። መሣሪያዎችና ኤአይኤስ (የመርከቦችን ቦታ በሬዲዮ የሚያሳይ መሣሪያ) 36። ፍሪጅ 45። ሬዲዮ፣ መብራት፣ ስልክ 30። ድምሩ 207 አምፒር ሰዓት ነው። ከእርሳስ ባትሪህ ደግሞ ሳትጎዳው የምታወጣው ግማሹን፣ 165 ብቻ ነው። ፍሪጁን አጥፋውና ወደ 162 ይወርዳል። ሁለት ባለ 200 ዋት ሶላር ከኋላው የጥላ ብረት ላይ ብታስር በዚያ ኬክሮስ፣ ሸራው እያጠላባቸውም፣ በቀን 120 ያህል ይሰጡሃል። ለእያንዳንዱ ፓነል የራሱን መቆጣጠሪያ ስጠው፤ ጥላ የወደቀበት ሌላውን እንዳይጎትተው። የቀረውን ሞተሩ በ1 ሰዓት ይሞላዋል። ያ ማለት ለመንገዱ በሙሉ ከ45 ሊትር ያነሰ ናፍጣ ነው፤ በተረፈው ነፋስ ሲጠፋ ወደ 300 የባሕር ማይል በሞተር ትሄዳለህ።

ውኃው ይበቃሃል። በቀን 4 ሊትር ብታስብ ለ21 ቀን 84 ነው። ነገር ግን የሁለቱን ታንከሮች ማገናኛ ቫልቭ ዝጋ፤ የኤሌክትሪክ ፓምፑንም ከተጠቀምክ በኋላ አጥፋ። ሌሊት አንድ ፋሼታ ቢላላ ፓምፑ ታንከሩን ሙሉ ወደ ቀፎው (የጀልባዋ አካል) ሆድ ያፈስሰዋል። 40 ሊትር በጀሪካን ለብቻው ይቀመጥ።

ሰሜን ኮከብ

መልህቅ12 ያለው ትክክል ነው፤ ግን ጀልባዋ ከውኃ ሳትወጣ ለሶላር ገንዘብ አታውጣ። 7 ዓመት የተከራየች ጀልባ ድንጋይ ወይም አሸዋ ነክታ ታውቃለች ብለህ ተነሣ። የኪራይ ድርጅቱን የጉዳት መዝገብ ጠይቅ፤ ባይሰጡህም ራስህ እይ። ኪሉ (ከሥር ወደ ውኃ የሚወርደው ከባድ ክንፍ) ከቀፎው ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ፣ በተለይ በኋለኛው ጫፍ፣ ስንጥቅ ወይም የዝገት እንባ ካለ የወለል ሰሌዳዎቹን አንሥተህ ውስጡን መርምር። በብዙ ዘመናዊ ጀልባ ቀፎውን የሚያጠናክረው የውስጥ ፍርግርግ በማጣበቂያ ብቻ ነው የሚያያዘው። ኪሉ ሲመታ የኋለኛው ጫፉ ወደ ላይ ስለሚገፋ ማጣበቂያው እዚያ ይለቃል። በመዶሻ እጀታ ነካ ነካ አድርገው፤ የተላቀቀው ቦታ ድምፁ ይለወጣል፣ ባዶ ይመስላል። ይህ ከተገኘ ጉዞው ይቆማል። በሦስት ሳምንት የሚጠገን አይደለም።

የቀፎ ቫልቮችን፣ ውኃ በቀፎው ቀዳዳ የሚገባና የሚወጣባቸውን፣ በሙሉ ቀይር። በአውሮፓ ለተሸጡ ጀልባዎች ደረጃው፣ አይኤስኦ 9093፣ ከቫልቭ የሚጠይቀው 5 ዓመት እንዲቆይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ፋብሪካ ዚንክ የበዛበት ተራ ናስ ይገጥማል። የባሕር ውኃ ዚንኩን እየበላ ያወጣዋል፤ ከውጭ ደህና የሚመስለው ቫልቭ ውስጡ ሮዝ መልክ ይዞ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል። ነሐስ ወይም ለባሕር የተሠራ ፕላስቲክ ግጠም። እያንዳንዱ ቫልቭ ጋ ልኩን የጠበቀ የእንጨት ውታፍ በሲባጎ ታስሮ ይንጠልጠል። ሞተሯ በቀፎው ወለል በኩል የሚወርድ ማስተላለፊያ ካላት ቀዳዳውን የሚዘጋው ትልቁ የጎማ ጓርኒሲዮን በ7 ዓመት እንዲቀየር የሚያዝዙ አምራቾች አሉ። ያንተዋ ልክ እዚያ ዕድሜ ላይ ናት።

መሪውን ከታች ጫፉ ይዘህ ግራ ቀኝ ነቅንቀው። ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ከተጫወተ ኩሽኔታው አልቋል። መዘውሩ ሲበላሽ መሪው የሚዞርበትን የአደጋ ጊዜ እጀታ ደግሞ አውጥተህ በእርግጥ ግጠመው፤ በባለ ሁለት መዘውር ጀልባ ላይ መቀመጫው ወይም ጠረጴዛው የሚያግደው ጊዜ አለ። አውቶፓይለቱ ግን በራሱ ክንድ በቀጥታ ከመሪው ዘንግ ጋር ከተያያዘ የመዘውሩ ኬብል ቢበጠስም መምራቱን ይቀጥላል። መያያዙን አረጋግጥ።

ናፍጣው ላይም ቸል አትበል። የኪራይ ጀልባ ታንከር ሥሩ ላይ ውኃና ዝቃጭ ያጠራቅማል። ወደብ ውስጥ ምንም አይልህም፤ ውቅያኖስ ላይ ሲናወጥ ግን ተነሥቶ ፊልትሮውን ይደፍናል። ታንከሩን ከፍተህ አጥበው። 6 የመጀመሪያ ፊልትሮ፣ 3 የሞተር ፊልትሮ፣ 2 የውኃ ፓምፕ ጎማ፣ 2 ቺንጊያ ያዝ። አየር ማስወጣትንም ባሕር ሳትገባ በእጅህ ተለማመድ።

ገመዴ

እኔ የምጨምረው ስለ ሸራና ስለ ገመድ ነው። በንግድ ነፋስ (በዚህ ባሕር ዘወትር ወደ ምዕራብ በሚነፍሰው) መንገድ ነፋሱ ከኋላህ ነው፤ ሦስት ሳምንት ጀልባዋ ግራ ቀኝ ትንከባለላለች፤ ዕቃ የሚጨርሰው ማዕበል ሳይሆን ፍትጊያ ነው። ምሰሶ ውስጥ የሚጠቀለል ዋና ሸራ ላንተ አደጋ ነው። በኪራይ ዘመኑ ተለጥጦ ሆዱ የሰፋ ሸራ ሲጠቀለል ይታጠፍና ቀዳዳው ላይ ይነክሳል። ግማሹ ወጥቶ ከተነከሰ መጠቅለልም ማውረድም አይቻልም። ስለዚህ እንደተጠቀለለ ተወው፤ የፊቱን ሸራ ወደ ጎን በሚይዘው ዘንግ ወጥረህ በሸራው ብቻ ሂድ። ኃይሉ ከፊት ስለሚጎትት አውቶፓይለቱም ይቀልለዋል።

የኪራይ ጀልባ ብዙ ጊዜ ይህ ዘንግ የላትምና ግዛ፤ ርዝመቱ ከምሰሶው ሥር እስከ ፊተኛው ሽቦ ያለው ርቀት ነው። ዘንጉን በሦስት የራሱ ገመዶች፣ አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፣ አስረህ እንዳይንቀሳቀስ አጽናው። የሸራው ገመድ በጫፉ ብቻ ያልፋል። እንዲህ ከሆነ ዝናብ ያዘለ ኃይለኛ ነፋስ ሌሊት ሲመጣ ዘንጉን ሳትነካ፣ ከመቀመጫህ ሳትነሣ ሸራውን ትጠቀልላለህ። ወደ ፊት የሚያስኬድህ ነገር በቀነሰ ቁጥር የመውደቅ ዕድልህ ይቀንሳል። ሸራውን ምሰሶው ጫፍ ላይ የያዘውን ገመድ በየቀኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አላላው ወይም አጥብቀው፤ ምሰሶው ጫፍ ላይ በሚያልፍበት መሽከርከሪያ የገመዱ አንዱ ቦታ ብቻ እንዳይፈተግ።

ምሰሶውን የያዙትን ሽቦዎች ከታች መጋጠሚያቸው በጨርቅ ጠቅልለህ ሳብ አድርግ። ክሩን የያዘብህ ቦታ የተበጠሰ የሽቦ ክር አለበት፤ ያ ሽቦ ይቀየራል።

መልህቅ12

ገመዴ፣ አንድ ነገር አልስማማም። ያለ ዋና ሸራ መንከባለሉ በጣም ይብሳል፤ የደከመ ሰው ደግሞ በመንከባለል ይሰበራል። ሸራው ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ሩቡን አውጥቶ መሐል ላይ ጠፍጣፋ ወጥሮ ማሰር ያረጋጋል። ቡሙን (የዋናውን ሸራ ግርጌ የያዘውን አግዳሚ) ከጫፉ ወደ ፊት ይዞ ወደ መቀመጫው የሚመለስ ገመድ ግን ግድ ነው፤ አለዚያ ነፋሱ ከወዲያ ሲይዘው ተወርውሮ ምሰሶውንም ሰውንም ይመታል።

ሸራው (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ነገ ከውኃ አወጣታለሁ። እንቅልፍስ? መድንና የሕይወት አድን ዕቃስ?

ሰሜን ኮከብ

የባሕር ግጭት መከላከያ ደንቦች 5ኛው አንቀጽ ሁልጊዜ ጠባቂ እንዲኖር ያዝዛል፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህን ሙሉ ለሙሉ ሊፈጽም አይችልም። የመድን ድርጅቱም ያውቀዋል። የኪራይ መድን ብዙ ጊዜ ብቻ መሻገርን አይሸፍንም፤ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖርህ መልህቅ አታንሣ። የሃሪኬን ወቅት የሚያልቀው ኖቬምበር 30 ስለሆነ ከዚያ በፊት ለመድረስ ሌላ ውል ሊጠይቁህ ይችላሉ።

20 ኖት (በሰዓት 20 የባሕር ማይል) የሚሄድ መርከብና 6 ኖት የምትሄድ ጀልባ ፊት ለፊት ሲመጡ በ20 ደቂቃ ወደ 8.7 የባሕር ማይል ይቀራረባሉ። የእንቅልፍ ሰዓትህን በዚህ ለካ። የኤአይኤስ ማንቂያ 2 ማይል ላይ አድርገው፤ የስክሪኑ ድምፅ ደካማ ስለሆነ የውጭ ጩኸት ማሰሚያ ይገጠምለት። ዓሣ አጥማጆች ኤአይኤስ ላይኖራቸው ስለሚችል ከደሴቶቹ 100 ማይል እስክትርቅ ድረስ ረጅም እንቅልፍ አይታሰብ።

የኪራይ ጀልባ የሕይወት አድን ጎማ ጀልባ ለ8 ወይም ለ10 ሰው ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ሲገባበት ስለሚቀልል ቶሎ ይገለበጣል። ለ4 ሰው የሆነ፣ ከ24 ሰዓት በላይ የሚያቆይ ስንቅ ያለው ተከራይ። የአደጋ ምልክት አስተላላፊዋ በጀልባዋ ስም መመዝገቧንና የባትሪዋን ቀን እይ። ሁለተኛ፣ ትንሿን፣ በልብስህ ላይ ታስር፤ ከወደቅህ የሚዞርልህ ሰው የለም። ከጀልባዋ ጋር የምትታሰርበትን ገመድም አጭሩን፣ 1 ሜትሩን፣ ተጠቀም፤ ረጅሙ ከወደቅህ ከጀልባዋ ጎን ውኃ ውስጥ ይጎትትሃል።

ከጂብራልታር እስከ ካናሪ ያለውን 700 ማይል ገደማ እንደ ፈተና ቁጠረው። ከ2020 ጀምሮ በዚያ ባሕር ኦርካዎች የጀልባ መሪ ይሰብራሉ፤ ጥልቀቱ 20 ሜትርና ከዚያ ያነሰ በሆነበት ዳርቻውን ይዘህ እለፍ። ላስ ፓልማስ ስትገባ ባትሪው በየማለዳው ስንት ቮልት እንደነበረ የጻፍከውን እዚህ አምጣው፤ ሶላሩ በቂ መሆኑ የሚታወቀው ከዚያ ነው።