ጥቁሩ አልወጣም ያለ ፕሪንተር፦ ሄዱ ሞቷል ወይስ ይድናል?

ሳቢያን_ጽሕፈት

ሰላም ቤተሰብ። ድሬ ሳቢያን ነኝ፣ ቤት ውስጥ ማመልከቻ፣ ሲቪና የልጆች ወርክሺት አትማለሁ። ፕሪንተሬ ከጎኑ አራት የቀለም ታንክ ያለው አሮጌ የኤፕሰን ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ) ነው። ሁለተኛ እጅ ነው የገዛሁት፣ ግን እስካሁን አላስቸገረኝም።

አሁን ጥቁሩ አስቸገረኝ። መጀመሪያ ፊደሎቹ መሀል ነጭ መስመር ይታይ ነበር፣ ሄድ ክሊኒንግ (ቀለም የሚረጨውን ክፍል፣ ሄዱን፣ ማሽኑ ራሱ እንዲያጸዳ ማዘዝ) ሳደርግለት ትንሽ ቀን ይሠራና ይመለሳል። ዛሬ ኖዝል ቼክ (ኖዝሎቹ፣ ማለት የሄዱ ቀዳዳዎች፣ ቀለም መትፋታቸውን የሚያሳይ የሙከራ ገጽ) ሳወጣ ቢጫው፣ ቀዩና ሰማያዊው ሙሉ ናቸው፣ ጥቁሩ ግን ግማሹ የለም፣ ክሊኒንግ በደገምኩ ቁጥር ደግሞ የሚጠፋው መስመር ቦታውን ይቀያይራል። ታንኩ ውስጥ ቀለም አለ። መብራት በሥራ መሀል ቶሎ ቶሎ ይጠፋብኛል፣ ማታ ማታም ዲቫይደሩን ነቅዬ ነው የምተኛው።

ያሳየሁት ጠጋኝ ሳይከፍተው "ሄዱ ሞቷል፣ ሄድ ግዢ" አለኝ። የሄዱ ዋጋ ላይ ትንሽ ብጨምርበት ሌላ ፕሪንተር ይገዛል። ምን ትላላችሁ?

የታይዋን_ልጅ

አቦ፣ ሳይከፍቱ ሄድ ግዢ ማለትማ ማን ያቅተዋል! ገንዘብሽን ያዢ።

የሚጠፋው መስመር ቦታ ይቀያይራል ብለሻል፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ኖዝል በደረቀ ቀለም ሲደፈን ክፍተቱ እዚያው ቦታ ላይ ይቆያል፣ አሥር ጊዜ ብታወጪው ያው ነው። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከሆነ ግን ኖዝሉ ክፍት ነው፣ ቀለም ነው በደንብ የማይደርሰው። ወይ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይ ካፑ ሄዱን አጥብቆ አልገጠመውም። እኔ ካፑን ነው የምጠረጥረው።

ካፕ ማለት ፕሪንተሩ ሲጠፋ ሄዱ ቀኝ ጥግ ሄዶ የሚያርፍበት፣ ዙሪያው ጎማ፣ መሀሉ ስፖንጅ የሆነ ትንሽ ነገር ነው። ሄዱ እንዳይደርቅ ይከድነዋል፣ ክሊኒንግ ስታዢ ደግሞ ከሥር ያለው ፓምፕ በዚያው በኩል ቀለሙን ከሄዱ ይስባል። የጎማው ጠርዝ ላይ ቀለም ደርቆ ከተጋገረ ፓምፑ የሚስበው አየር ነው። ክሊኒንጉ ለስሙ ይካሄዳል፣ ድምፁንም ትሰሚያለሽ፣ ጥቁሩ ግን ያው ነው።

መብራቱም እዚህ ይገባል። ፕሪንተሩን በራሱ ቁልፍ አጥፍተሽ፣ ሄዱ ቦታውን ይዞ ጸጥ ካለ በኋላ ዲቫይደሩን ብትነቅዪ ምንም አይደል። እያተመ ሳለ መብራት ከጠፋ ግን ሄዱ መሀል መንገድ ላይ ራቁቱን ይቀራል፣ በድሬ የግንቦት ሙቀትና አቧራ ላይ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። መብራቱ ሳይመለስ የሚቆይ ከመሰለሽ ሶኬቱን ንቀዪና ሄዱን በእጅሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ቀኝ ገፍተሽ ካፑ ላይ አሳርፊው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ፕሪንተሩን አብሪው፣ ሄዱ ከጥጉ ወጥቶ ወደ መሀል ሲሄድ ሶኬቱን ንቀዪ። ከዚያ በእጅ ይንሸራተታል፣ ወደ ግራ ግፊውና ካፑን እዪው። የጆሮ ጥጥ በውሃ ነክረሽ የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን ጥረጊ፣ ጥቁር ቅርፊት እየተላጠ ይወጣል። ጎማውን አትቧጭሪው። ስፖንጁ ላይ በስሪንጅ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጊና አንድ ክሊኒንግ እዘዢ፣ ከዚያ እንደገና ከፍተሽ እዪ። ውሃው ወርዶ ከሆነ ፓምፑ ደህና ነው።

ውሃ ስል የባትሪ ውሃ (ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ) ነው፣ አሲድ እንዳይሰጡሽ አስረግጠሽ ጠይቂ። የቧንቧውን አትንኪ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያሽን ምን እንዳደረገው ታውቂያለሽ፣ ያ ነጭ ነገር ኖዝል ውስጥ ከገባ አለቀ።

ጀጎል_ኮፒ

ሰላም ከሐረር። ወንድማችን ያለው ልክ ነው፣ እኔ ግን አየሩንም በቀላሉ አላልፈውም። እህቴ፣ ፕሪንተሩን በቅርብ ከቦታ ቦታ አንቀሳቅሰሽው ነበር? በባጃጅ ጭነሽው ከሆነና ከተዘነበለ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። ስካነሩን ከፍተሽ ከታንኩ ወደ ሄዱ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች በባትሪ መብራት እያቸው። ጥቁሩ ላይ ክፍት ክፍት ቦታ ካየሽ አየር ነው።

ክሊኒንግ ማብዛት ይቅርብሽ። ሦስቴ አድርገሽ ካልተሻለው አቁሚ፣ አጥፍተሽ ለ12 ሰዓት ያህል አሳርፊውና እንደገና ሞክሪ። የአንዳንዶቹ የኤፕሰን ኤል ሞዴሎች መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። ሰው ትዕግሥት ስለሌለው ክሊኒንግ ላይ ክሊኒንግ ይደራርባል፣ ቀለሙ ግማሹ ወደ ቆሻሻው ይሄዳል።

ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ስሪንጅ ሄዱ አፍ ላይ ሰክተው በኃይል ሲገፉ ታያለሽ። እንዳታደርጊው! የኤፕሰን ሄድ ፒየዞ ነው፣ ቀለሙን የሚተፋው በኤሌክትሪክ በሚርገበገብ ቁራጭ ነው፣ ግፊት ሲበዛበት ውስጡ ይለያይና ቀለም ከቀለም ይደባለቃል። ያን ጊዜ ጠጋኙ ያለው እውነት ይሆናል። በብዙዎቹ ሁለት ካርትሪጅ ባላቸው ኤችፒዎች ላይ ግን ሄዱ ካርትሪጁ ላይ ራሱ ነው ያለው፣ ቀለሙንም በሙቀት አፍልቶ ነው የሚያስወጣው። ለእነሱ ሶፍት አጥፈሽ ለብ ባለ ውሃ አርጥበሽ ካርትሪጁን በአፉ ጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ነው፣ እምቢ ካለ ካርትሪጁን ትቀይሪና ሄዱም አብሮ ይቀየራል። እዚያ ላይ ብትደፍሪ ብዙ አትጎጂም።

ሳቢያን_ጽሕፈት

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አላንቀሳቀስኩትም፣ ቱቦዎቹም ሙሉ ናቸው። ካፑን ከፈትኩት፣ ጠርዙ ላይ ያለው ነገር ቅጥራን ነው የሚመስለው! ጠርጌ ውሃ ሞላሁ፣ ከክሊኒንግ በኋላ ሳየው ውሃው ወርዷል። ኖዝል ቼኩ አሁን በጣም ተሻሽሏል። ግን ጥቁሩ ላይ ሦስት መስመር ቀርቷል፣ እነዚህ ደግሞ ደጋግሜ ባወጣም ቦታቸውን አይለቁም።

የታይዋን_ልጅ

በይ እልል በይ። ቦታቸውን ካልለቀቁ እነዚህ እውነተኛ ድፍን ናቸው፣ ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ማታ ሥራ ስትጨርሺ ስፖንጁን በባትሪ ውሃ እስከ ጠርዙ ሙዪው፣ ሄዱን መልሰሽ ላዩ ላይ አሳርፊውና እንዲሁ ይደር። የደረቀው ቀለም ከሥር እየራሰ ይለቃል። ጠዋት አንድ ክሊኒንግ፣ አንድ ኖዝል ቼክ። ካልለቀቀ በሚቀጥለው ማታ ድገሚው እንጂ በንዴት ወደ ሌላ ነገር አትሂጂ።

ሥራ በማይኖርበት ሳምንት እንኳ አራቱም ቀለም ያለበት አንድ ገጽ አትሚ። በማትሠሪበት ጊዜ አሮጌ ሽርጥ ጣል አድርጊበት፣ ለአቧራው።

መልካ_ጀብዱ_ቴክ

አንድ ነገር ረስታችኋል፣ ፓዱን። በክሊኒንግ የሚወጣው ቀለም ሁሉ የሚሄደው ፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ ያለ ስፖንጅ ላይ ነው፣ ማሽኑም ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላ መብራቶቹ እያፈራረቁ ብልጭ ብልጭ ይሉና በቃ ማተም ያቆማል። አንቺ ክሊኒንግ ስታበዢ ስለከረምሽ ሩቅ አይመስለኝም።

ያን ጊዜ ሰው የሚያደርገው ሪሴት ሶፍትዌር ከኢንተርኔት አውርዶ ቁጥሩን ዜሮ ማድረግ ነው። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ ማለት ግን ፓዱ ደረቀ ማለት አይደለም። የሞላው ቀለም ሞልቶ ጠረጴዛሽ ላይ ይፈሳል። መጀመሪያ ፓዱን አውጥተሽ ውሃው እስኪጠራ እጠቢው (እዚህ ላይ የቧንቧ ውሃ ይበቃል፣ ጓንት ግን አድርጊ፣ እጅሽ ቶሎ አይለቅልሽም)፣ ጨምቀሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። በድሬ ፀሐይ ጊዜ አይፈጅም። ደህና አድርጎ ሳይደርቅ ግን አትመልሺው።

ሶፍትዌሩን ደግሞ ከማታውቂው ሰው ፍላሽ ላይ አትጫኚ። "አንቲቫይረሱን አጥፊው" ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ የደንበኞችሽ ሲቪና መታወቂያ ያለበት ኮምፒውተር ላይ እንዳታስገቢው።